ቁራኛ

ኮች ዙለይካ ሁለቱን ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ አቁማ ቁመታቸውን በዓይኗ ለካች። ከዚያ የአንደኛውን ግራ እጅና የሁለተኛውን ቀኝ እጅ ይዛ፣ ከጫማ ማሰሪያ በተገመደች አጭር ገመድ አቆራኘቻቸው።

«ቁመታችሁ አንድ፣ እርምጃችሁ አንድ። አላህ ሲፈጥራችሁ ለዚህ ገመድ ነው» አለች ደስ ብሏት።

ማንም አልሳቀም። ርዝመት ዘላዮቹ ባሉበት ቆሙ፤ አሎሎ ወርዋሪዎቹ ብረታቸውን መሬት አስቀመጡ። ዙለይካ የከሚሴ ሰው ናት። ማየት የተሳናቸውን ሯጮች ልታሠለጥን ደብረ ታቦር ከመጣች ገና አንድ ክረምት አላሳለፈችምና፣ ሜዳው ለምን ጸጥ እንዳለ አልገባትም።

ሙላቴ ግን ገብቶታል። በገመዱ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማና አወቀው። አገኘሁ ነበር፤ ዓይኑን ያጠፋው አገኘሁ።

ግራ ዓይኑንስ ገና ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ወስዶበታል፤ በዚያ ማንንም አይወቅስም። በቀኙ እያየ ፊደል ቆጠረ፣ ከብት ጠበቀ፣ ኳስ ተጫወተ። በዚያ አገር የቡሄ ለት ጎረምሶች ጅራፋቸውን ይዘው በሁለት ወገን ይወጣሉ። መጀመሪያ ያጮሃሉ፤ ኋላ ይገራረፋሉ። ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊትን በክንድ ጋርዶ መቀበል ነው። ጀርባው የተላጠ ቤቱ ገብቶ ቅቤ ይቀባል እንጂ ክስ የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ካሳ የለም። የቡሄ ጅራፍ ቂም አይያዝበትም። ሕጉ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ደግሞም ክፉ ሕግ አይደለም፤ እሱ ባይኖር በየነሐሴው ደም ይፈስ ነበር። ብቻ ሕጉን ያወጡት አባቶች አንድ ዓይን ብቻ የቀረውን ልጅ አላሰቡትም። የአገኘሁ ጅራፍ ጫፍ በሙላቴ ክንድ ሥር ሾልኮ የገባ ዕለት፣ ሁለቱም ጢም አላበቀሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። የአገኘሁ አባት አቶ አለሙ ልጃቸውን ከለከሉት። «ይቅርታ ካልህ በደልሁ አልህ ማለት ነው፤ በደልሁ ካልህ ደግሞ ነገሩ የጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የደም ይሆናል» አሉት። በአገሩ ሕግ ከሄድን ሰውዬው አልተሳሳቱም። ሙላቴ ግን የሚከስበት ዳኛ፣ የሚታረቅበት ሽማግሌ አጥቶ ቀረ። ቂሙ በርና መስኮት እንደሌለው ቤት ጭስ እዚያው ሲጥመለመል ስንት ዓመት አለፈ።

ታዲያ ገመዱን ለምን አውልቆ አልጣለም? ያሰበውስ አስቦት ነበር። ነገር ግን የዞኑ ምርጫ ቀርቧል፤ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከየምድቡ አንድ ሯጭ ብቻ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከባሕር ዳር የተመረጠ ማሠልጠኛ ገብቶ ይኖራል። ያልተመረጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ የሙላቴ ቤት ደግሞ የአክስቱ የእቴነሽ ደጃፍ፣ እዚያ ያለችው በርጩማና «ተው አትነሣ፣ ትወድቃለህ» የሚለው ቃል ነበር። እስከዚያ ቀን ገመዱን ይዞለት የሚሮጠው ትራፊክ ፖሊሱ ማሬ ነው። ማሬ ቸር ሰው ነው፤ ግን ሆዱ ይቀድመዋል፤ ሁለት ዙር ሲሮጥ ያለከልካል። ሙላቴን የሚያህል ሯጭ በሜዳው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አዲስ አበባ ክለብ ሊገባ ሄዶ፣ ተጥሎ የተመለሰው አገኘሁ።

አገኘሁም ገመዱን አልጣለም። መሪ ሯጭም ከቡድኑ ጋር ባሕር ዳር እንደሚሄድ፣ እዚያም የክለብ ሰዎች እንደሚመጡ ዙለይካ ነግራዋለች።

በጋፋት መንገድ ቁልቁል የመጀመሪያውን ሩጫ ሲወጡ አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ብዙ ሄዱ። የጉና ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በመጨረሻ የተናገረው አገኘሁ ነው።

«እግርህን አንሣ እንጂ። የሚጎተት ግንድ የያዝሁ መሰለኝ።»

«ግንዱን ልቀቀዋ። አዲስ አበባ እንደለቀቁህ።»

«አፍህ ከእግርህ ይፈጥናል።»

«የኔስ አፌ ይፈጥናል። አንተ በሁለት እግርና በሁለት ዓይን የት ደረስህ?»

ትንሽ እንደሄዱ መንገዱን ያቋረጠ ፈፋ መጣ። መሪ ሯጭ ቀድሞ «ፈፋ!» ማለት አለበት፤ አገኘሁ ያለው የሙላቴ እግር አየር ከረገጠ በኋላ ነው። ሙላቴ በጉልበቱ ተደፋ።

«ፈፋ» አለ አገኘሁ፣ እንደ ገና።

በማግሥቱ ሙላቴ ተራውን ጠበቀ። ጠጠር የበዛበት መታጠፊያ ላይ፣ የአገኘሁ እግር አየር ላይ ሳለ ሆን ብሎ ራሱን ጣለ። በአንድ ገመድ የታሰረ ሰው ብቻውን አይወድቅም፤ አገኘሁ በክርኑና በአገጩ ጠጠሩን አረሰው። ተነሥቶ የሙላቴን ደረት ጨመደደ። ዙለይካ አጠገባቸው ደርሳ ባትለያያቸው ኖሮ የዚያን ቀን ይደባደቡ ነበር።

ዙለይካ ማን እንደጀመረ አልጠየቀችም። «ገመዱ አይፈታም» አለች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። እንደታሰራችሁ ገበያ ትወጣላችሁ፣ እንደታሰራችሁ ዳር እስከ ዳር ትዞራላችሁ፤ የሱቁ ሰው ሁሉ አይቷችሁ ትመለሳላችሁ። የፈታ ከቡድኔ ወጥቷል።»

ቅጣት መስሏት ነው። በአገሩ ግን እንዲህ ያለው ነገር ስም ነበረው።

የገበያው እህል ተራ ላይ ሲደርሱ ጫጫታው ቀነሰ። ሙላቴ ሰው ከፊታቸው ገለል ሲል፣ ከኋላቸው ሲሰበሰብ ይሰማዋል። አንድ ጤፍ ሻጭ ሽማግሌ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ኧረ እናንት ልጆች፣ ምንድን ነው ይሄ? ቁራኛ ናችሁ እንዴ?»

ጎናቸው ያለች ሴት «ቁራኛ ምንድን ነው አባባ?» አለች።

«አታውቂም? ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ አንዱ ውኃ ሽንት ቢል ሌላው አብሮ ይሄዳል።» ወደ ሁለቱ ዞሩ። «በሉ ንገሩኝ፣ ከሳሹ የትኛው ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ከዳር እየከሰመ መጣ፤ የሚያውቁት ለማያውቁት ሹክ እያሉ ነበር። ሽማግሌውም አንዱ በጆሯቸው ነገራቸው መሰል «በስመ አብ!» አሉ።

«እኔ ነኝ ከሳሹ አባቴ» አለ ሙላቴ ጮክ ብሎ። «ዳኛ ግን የለኝም።»

ገመዱ ተወጠረ። አገኘሁ ወደ ፊት እየጎተተው ነበር። ከሰው መሀል ወጥተው የባሕር ዛፍ አጥር ጥግ ሲደርሱ ቆመ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለ አገኘሁ። «በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«አንድ ነገር ንገረኝ። አነጣጥረህ ነው?»

«ፊትህን ሸፍን ተብሎ ነበር።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

«እኔ የምመልሰው ይሄንኑ ነው። ሁሉም ሸፍኗል፤ አንተ ለማየት ብለህ ክንድህን አነሣህ። አንድ ዓይን ይዘህ ማን ውጣ አለህ?»

ሙላቴ በነፃ እጁ ሰነዘረ። አገኘሁ ራሱን ዘንበል አደረገና ቡጢው አጥሩን መታ። ከዚያ ሙላቴ ቤት እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም፤ እቴነሽ ግን በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው።

«ዓይንህን ካፈሰሰው እጅ ጋር ታስረህ ከተማ ትዞር ጀመር?» አለች አገኘሁ ገመዱን ፈትቶ ሲሄድ። «አባትህ በሕይወት ቢኖር ምን ይል ነበር?»

«ሩጥ ይለኝ ነበር።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ከጠላትህ ጋር ሮጠህ ልታሸንፍ?»

«አክስቴ፣ ከወዳጅማ ጋር ሞከርሁት። ማሬ ያለከልካል።»

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ስድቡ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ባሰ። ሥራው ላይ ግን ማታለል ቀረ። አገኘሁ «ቀኝ» ሲል በእውነት ቀኝ ነበር። ሙላቴም መውደቁን ተወ። ጠላቱን በገመድ ይዞ ሲውል ሰው ስለ ጠላቱ ብዙ ይማራል፤ ሙላቴ የአገኘሁ ትንፋሽ የት እንደሚያጥር፣ ዳገት ሲጀምር ትከሻው እንዴት እንደሚጠነክር፣ ሳይታወቀው ምን ጊዜ እንደሚፈጥን ከገመዱ ያነብ ነበር። አገኘሁም የሙላቴን እርምጃ ከራሱ ለይቶ መስማት ያቃተው ጀመር። እርስ በርስ ላለመሸነፍ ሲሉ ማንም ያላዘዛቸውን ዳገት ይጨምራሉ። «ደከመህ?» ይላል አንዱ። «አንተ ከደከመህ» ይላል ሌላው። ዙለይካ ሰዓቷን ታያለች። ጥላቻም እንደ ሽሮ ስንቅ ይሆናል፤ እያደር አንጀት ይልጣል እንጂ ሩቅ ያደርሳል።

የምርጫው ቀን ሜዳው ሞላ። በሙላቴ ምድብ የሚፈራው የእብናቱ ሯጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ረጅም፣ በጋ ከክረምት ቆላ ለደጋ የሚሮጥ። ዙለይካ ከመነሻው በፊት ሁለቱን አቅርባ ደገመችላቸው። «ገመዱ ከእጃችሁ ከወጣ ተሰርዛችኋል። አገኘሁ፣ መስመሩን ቀድመኸው ከረገጥህ ተሰርዛችኋል። ብትጎትተው ተሰርዛችኋል። ሌላውን ታውቁታላችሁ።»

ተኩሱ ተሰማ። መጀመሪያ ላይ መገፋፋት ነበር፤ ከዚያ ቦታ ያዙ። አገኘሁ በአጭር በአጭሩ ይናገራል፤ «መታጠፊያ። ቀጥታ። እብናት ከፊት።» ሙላቴ ከዚያ ሌላ የሚሰማው የራሱን ደምና የገመዱን ውጥረት ነው። ሁለት ዙር አለፈ። የእብናቱ ሯጭ ትንፋሽ ከፊታቸው እየቀረበ መጣ።

ያን ጊዜ ከኋላ ያለ ጥንድ ሊቀድማቸው ሲሞክር ተጠጋ። መሪው የረገጠው መሬቱን አልነበረም፤ የባለ ጥርስ ጫማው የአገኘሁን ተረከዝ ነው ያገኘው። ሙላቴ የሰማው «እህ!» የምትል ትንሽ ድምፅ ነበር። ወዲያው ገመዱ ተናወጠ። ያ እንደ ራሱ እርምጃ የሚያውቀው ሌላኛው እርምጃ ተሰበረ፤ አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል።

«ጅማቴ…» አለ አገኘሁ። «ተበጠሰ። ልቁም።»

«አትቆምም።»

«ሙላቴ፣ እግሬ አይረግጥም!»

«ዓይኔን ወስደሃል» አለ ሙላቴ ጥርሱን ነክሶ። «እግርህን አምጣ!»

ሙላቴ ገመዱ ሲለቀቅ ይጠብቅ ነበር፤ መለቀቁንም በከፊል ይመኝ ነበር፤ ያኔ ሁሉ ነገር ግልጽ ይሆን ነበርና። ገመዱ ግን አልተለቀቀም። ከዚያ በጎኑ እንደ ቆሰለ ከብት የሚያቃስት ድምፅ መጣ፤ የተሰበረውም እርምጃ እንደምንም ራሱን ሰብስቦ ተከተለው።

«መታጠፊያ» አለ አገኘሁ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል።

የመጨረሻውን ዙር ሙላቴ በሙሉ ልቡ ሮጠ፤ አላዘነለትም። በየእርምጃው የሚያቃስተውን እየሰማ፣ እየሰማም እየጨመረ ሄደ። ቀጥታው ላይ የእብናቱን ሯጭ ደረሰበት። «ትከሻ ለትከሻ ነህ» አለ አገኘሁ፤ ቀጥሎ «ደረትህን ስጥ!» ብሎ ጮኸ። ሙላቴ ደረቱን ሰጠ። በኋላ እንደነገሩት የቀደመው በአንድ ክንድ ነው። አገኘሁ መስመሩን ያለፈው ከኋላው ነበር፤ በእግሩ ሳይሆን በሆዱ ወድቆ፣ የታሰረው እጁ ብቻ ወደ ፊት ተዘርግቶ።

እቴነሽ ከሰው መሀል እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ አገኘሁን በወሳንሳ ሲያወጡት አየችና «እግዜር ፈረደ!» አለች፤ ብዙ ሰው ሰማት። ሙላቴም ሰማ። ደረቱን አንድ ሙቀት ሞላው፤ ደስታ መሆኑን ሊክድ አይችልም ነበር።

ዙለይካ ሐኪሞቹ ዘንድ ደርሳ ተመለሰች። ሙላቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጅማቱ ተበጥሷል። መሀል ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይብስም ነበር፤ አሁን ዳግመኛ ይሮጥ እንደሆን እንጃ ይላሉ። መጎዳቱን ታውቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ነገረህ?»

«ነግሮኛል።»

«እና?»

«ሩጥ አልሁት።»

የቡሄውን ታሪክ ያን ቀን ነው ማሬ የነገራት። «ያን ጊዜ ገመዱን ሳስር አንዳችሁ እንኳ አትናገሩም?» አለችው። «እኔ ጥጆች መስላችሁኝ ሳጣምድ፣ እናንተ አንበሳና ነብር ኖራችኋል። አንተ አሸንፈሃል፤ ቦታው ያንተ ነው፤ አልነጥቅህም። ግን ባሕር ዳር ከማን ጋር ነው የምትሮጠው?»

ሙላቴ ይህን አላሰበበትም።

«እኔ ማንንም አዝዤ ያንተን ገመድ አላስይዝም» አለች ስትነሣ። «ራስህ ፈልገህ አምጣ።»

በዚያ ሳምንት ሙላቴ ጠብ ጠበቀ። አቶ አለሙ ዱላ ይዘው ይመጣሉ፣ ወይም ክስ ይመሠርታሉ፣ ቢያንስ በበሩ ሲያልፉ ይራገማሉ ብሎ ነበር። የመጣው ግን ወሬ ብቻ ነው፤ ሰውዬው ዙለይካ ልትጠይቃቸው ብትሄድ «በጨዋታ የደረሰ ነው፤ እኛ ለዚህ አንከስም» ብለው ወንበር ስበው አስቀመጧት ተባለ። ሙላቴ ይህን ሲሰማ የተበጠሰው ጅማት የራሱ የሆነ ያህል ተቀመጠ። ሊጣላቸው ተዘጋጅቶ ነበር፤ እነሱ ግን ያንኑ ሕግ በራሳቸውም ላይ ፈረዱ። አሁን እነሱም እንደሱ በር በሌለው ቤት ተቀምጠዋል፤ የዘጋባቸውም እሱ ነው።

ፈልጎ ያገኘው ሰው ያው ማሬ ሆነ። ማሬ ከሥራ መልስ መለዮውን አጥር ላይ ሰቅሎ ይመጣል።

«ሙሌ፣ እኔ እኮ መኪና አስቁም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ሩጥ ማሬ።»

«እየሮጥሁ ነው። ሆዴ ነው ያልተነሣው።»

በዚህ አያያዝ ባሕር ዳር መሄድ ለመሳቂያ ነበር። ሙላቴ ይፈጥናል፣ ማሬ ይጎትታል፤ ሙላቴ ይሳደባል፣ ማሬ ይስቃል። እንዲህ ሲሉ አንድ ቀን ከመታጠፊያው ዳር የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ፤ ጠጠር ላይ ቀጭ፣ ቀጭ። ማሬ ቆመ። ሙላቴም ቆመ።

«ገመዱን ለምን ትጎትተዋለህ? በሬ ነው የያዝህ?» አለ አገኘሁ።

«ማን ጠራህ?» አለ ሙላቴ።

«ማንም። በዚህ በኩል ሳልፍ ይሄን ጉድ አየሁ። እግሬን የከፈልሁበትን ቦታ ይሄ ሆዳም ሲያፈርሰው ቆሜ ላይ ነው?»

«ኧረ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ!» አለ ማሬ።

«ዝም በል። ክንድህን ከጎኑ አስጠጋ። እሱ የሚያየው በክርንህ ነው፤ ክርንህ ከራቀ ይጠፋበታል። ዳገት ሲጀምር ትከሻው ይወጣል፤ ያኔ አንተ ቀንስ፤ አትናገረው፤ ከተናገርኸው እልህ ይይዘውና ይቃጠላል።»

ይህን ሁሉ ስለ ሙላቴ የሚያውቅ ሌላ ሰው በምድር ላይ የለም፤ እናቱም አታውቀውም ነበር። ምላሱ ላይ አንድ ቃል መጣ፤ ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ግን አላወቀውም፤ ስድብ ይሁን ሌላ። ዋጠው።

«ማሬ» አለ። «እንዳለህ አድርግ።»

«ነገስ ትመጣለህ?» አለ ማሬ ወደ አገኘሁ ዞሮ።

«አልመጣም» አለ አገኘሁ። ምርኩዙ ግን ካለበት አልተንቀሳቀሰም። «በሉ፤ ቆማችሁ ልታመሹ ነው?»

ሮጡ። ማሬ ክንዱን አስጠጋ። ግማሽ ዙር ያህል እንደሄዱ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ሙሌ… ታርቃችኋል እንዴ?»

«አልታረቅንም» አለ ሙላቴ። «ሩጥ።»